የከርነል ዲበገር ራሱ ሲበላሽ፦ የኬዲቢ የሚሞሪ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ኬዲቢ የሚባል ዲበገር፣ ማለትም ስህተት መፈለጊያ መሣሪያ፣ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል። ከርነሉ ሲወድቅ ወይም እኛ ስናስቆመው ይነሳል፣ ሚሞሪ ከፍቶ ያሳያል፣ ብሬክፖይንት (ኮዱ ሲደርስበት የሚቆምበት ምልክት) ያስቀምጣል። ችግሩ የሚከፋው ዲበገሩ ራሱ ሚሞሪ ማበላሸት ሲጀምር ነው። ያኔ ስክሪኑ ላይ የምናየውን ሁሉ ማመን ያቅተናል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ኬዲቢ ሥራ ሲጀምር ሌሎቹ ፕሮሰሰሮች ባሉበት ቀጥ ይላሉ። ሎክ (አንድን ነገር በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ እንዲነካው የሚያደርግ መቆለፊያ) የያዘው እንደያዘ ይቆያል፣ ዝርዝር እያስተካከለ የነበረውም በግማሽ ይተወዋል። ስለዚህ ሌላ ቦታ ትክክል የሆነ ኮድ እዚህ ስህተት ሊሆን ይችላል። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ከመርሳት ነው።

ምልክት፦ ታብ ከተጫናችሁ በኋላ ከርነሉ ባልታሰበ ቦታ ይወድቃል

ረጅም ትእዛዝ ጽፋችኋል። ከርሰሩን ወደ መሃል መልሳችሁ የሲምቦል (በከርነሉ ኮድ ውስጥ ስም ያለው ነገር፣ ለምሳሌ ፈንክሽን) ስም እንዲሞላላችሁ ታብ ትጫናላችሁ። ለጊዜው ምንም ላይታይ ይችላል። ቆይቶ ግን ከትእዛዙ ጋር ምንም የማይገናኝ ነገር ይበላሻል። ውድቀቱ ከሥራችሁ ቦታ ሲርቅ መጀመሪያ ጠርጥሩ፤ የሆነ ኮድ ከበፈሩ (ጽሑፍ ለጊዜው ከሚያዝበት የሚሞሪ ቦታ) አልፎ ጽፏል።

ምክንያቱ ለዓመታት ማንም ሳያየው የቆየ ነው። ኬዲቢ የተሟላውን ስም ወደ ትእዛዝ በፈሩ የሚገለብጠው ስትርኤንኮፒ በሚባል የጽሑፍ መገልበጫ ፈንክሽን ነበር። የዚህ ፈንክሽን ሦስተኛ ቁጥር ቢበዛ ስንት ባይት እንደሚጻፍ ይወስናል። መሰላት የነበረበት ከመድረሻው ስፋት ነው። የተሰጠው ግን የምንጩ ርዝመት ነበር። በፈሩ ሞልቶ ከርሰሩ መሃል ላይ ካለ፣ የሚገባው ስም የኋላውን ጽሑፍ እየገፋ ከበፈሩ ጫፍ ውጪ ይጽፋል። እንዲህ ያለ ስህተት ከሚያመልጥባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ በእኔ እይታ፣ የፈንክሽኑ ስም ውስጥ ያለችው ኤን ናት። ገደብ የተሰጠው ስለሚመስል ገምጋሚው ሳይጠራጠር ያልፈዋል። ገደቡ የማን እንደሆነ ግን መጠየቅ አለበት።

መፍትሄው እ.ኤ.አ. በ2024 ገብቷል፤ ስህተቱም በታወቁ የደህንነት ክፍተቶች መዝገብ ሲቪኢ-2024-39480 ተብሎ ተመዝግቧል። መጀመሪያ ከጽሑፉ መጨረሻ እስከ በፈሩ መጨረሻ ስንት ቦታ እንደቀረ ይሰላል። አዲሶቹ ፊደላት ከዚያ ከበለጡ ይቆረጣሉ። ቀጥሎ ከከርሰሩ በኋላ ያለው ጽሑፍ፣ መዝጊያዋን ዜሮ ጨምሮ፣ በሜምሙቭ (ሚሞሪ የሚያዛውር ፈንክሽን) ወደ ኋላ ይገፋል። በመጨረሻ በተከፈተው ክፍተት ስሙ በሜምኮፒ ይገባል። ለመግፋቱ ሜምሙቭ የግድ ነው፤ ምንጩና መድረሻው ስለሚደራረቡ ሜምኮፒ እዚያ ላይ ዋስትና የለውም።

የቆየ ከርነል የምትጠቀሙ ከሆነ ይህ ፓች (የኮድ ማስተካከያ) መግባቱን አረጋግጡ። ራሳችሁ ለማየት ካሳንን (የሚሞሪ ስህተት የሚያጋልጥ የከርነል መፈተሻ) አብርታችሁ የሠራችሁትን ከርነል ኪዩኢሙ (ኮምፒውተርን የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ አስነሱ፣ በፈሩን እስከ አፉ ሙሉት፣ ከርሰሩን መሃል አድርጉና ታብ ተጫኑ። «አልወደቀም» ማለት ብቻ ማስረጃ አይሆንም።

ምልክት፦ አዲስ ትእዛዝ ጨምራችኋል፣ ስታስኬዱት ሁሉም ነገር ድርቅ ይላል

ኮዳችሁ ውስጥ ኬማሎክ (ከከርነሉ ሚሞሪ የሚጠይቅ ፈንክሽን) ካለ ፍለጋችሁን ከዚያ ጀምሩ። ሚሞሪ አዳዩ ክፍል የራሱ ሎኮች አሉት። ከቆሙት ፕሮሰሰሮች አንዱ ያንን ሎክ ይዞ ከነበረ፣ በር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ የተኛ ሰው ማለት ነው። ዲበገሩ ደጅ ላይ ለዘላለም ይጠብቃል። ለኬማሎክ ጂኤፍፒ አቶሚክ የሚባለውን «ሳትተኛ ስጠኝ» የሚል ምርጫ መስጠትም አያድናችሁም። እሱ እንቅልፍን ይከለክላል እንጂ ሎክን አያስቀርም። ክፋቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ መሥራቱ ነው፤ የሚደርቀው ሎኩ በተያዘበት ቅጽበት ካቆማችሁ ብቻ ነው።

ኬዲቢ ድሮ ለዚህ ሲል 256 ኪሎባይት የራሱ ሚሞሪ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2021 ተወገደ፤ የዚያ ሚሞሪ ተጠቃሚ የሲምቦል ስም የሚፈልገው ክፍል ብቻ ሆኖ ስለተገኘ በአንድ ቋሚ በፈር ተተካ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፦ የሚያስፈልጋችሁን በፈር አስቀድማችሁ በስታቲክ (ኮዱ ውስጥ በቋሚነት) ያዙ።

ይህ መፍትሄ ግን የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል። የሁለት አድሬሶችን ስም ጠይቃችሁ በኋላ አንድ ላይ ስታትሙ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስም ሊያሳዩ ይችላሉ። ሁለተኛው ጥሪ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ደምስሶታል፣ ፖይንተሮቹም (የሚሞሪ አድሬስ የያዙ ጠቋሚዎች) የሚያመለክቱት ያንኑ በፈር ነው። የመጀመሪያውን ስም ሁለተኛውን ከመጠየቃችሁ በፊት አትሙት ወይም ገልብጡት።

ምልክት፦ መጥፎ አድሬስ ስታዩ ዲበገሩ ራሱ ይወድቃል

ምክንያቱ ፖይንተሩን በቀጥታ መክፈት ነው። የተበላሸ ከርነል ውስጥ የተበላሸ ፖይንተር ማግኘት የሚጠበቅ ነገር ነው። ኬዲቢ ለዚህ ኬዲቢ ጌትኤሪያ የሚባል መንገድ አለው፤ ከሥሩ ያለው ኮፒ ፍሮም ከርነል ኖፎልት ነው። አድሬሱ ካልተነበበ ከርነሉን ሳይጥል የስህተት ቁጥር ይመልሳል።

ያንን ቁጥር ግን ፈትሹ! በአንድ ትእዛዝ ውስጥ «መጥፎ አድሬስ» የሚለው መልእክት የሚታተመው አንዴ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ውድቀቶች በዝምታ ያልፋሉ። ሉፕ ውስጥ ከሆናችሁና ቁጥሩን ችላ ካላችሁ፣ ያልተነበበውን እንደተነበበ ቆጥራችሁ ትቀጥላላችሁ። ደግሞም ይህ መንገድ የሃርድዌር ሬጂስተሮችን (መሣሪያዎች የሚታዘዙባቸውን ቦታዎች) አይጠብቅም። አንዳንድ ሬጂስተር በመነበቡ ብቻ ይለወጣል።

ምልክት፦ ብሬክፖይንት አልቀመጥ ይላል

የከርነሉ ኮድ ያለበት ሚሞሪ ለንባብ ብቻ የተዘጋ ነው፣ ተራ መጻፍ አይሳካም። የኤክስ86ቱ (የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ዓይነት) ኮድ መጀመሪያ በተራው መንገድ ይሞክራል። ካልሆነ ኮድ ለማደስ የተሠራውን ቴክስት ፖክን ይጠቀማል። የኮድ ማደሻው ሎክ ተይዞ ካገኘው ግን ሳይጠብቅ «ሥራ በዝቷል» ብሎ ይመለሳል። ጎ የሚለውን የኬዲቢ ትእዛዝ ሰጥታችሁ ከርነሉን ልቀቁት፣ ትንሽ ቆይታችሁ አስቁሙትና ድገሙ። የራሳችሁን ፖርት (ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር የሚሆን ኮድ) የምትጽፉ ከሆነ አንዷን እርምጃ አትዝለሉ፤ ከጻፋችሁ በኋላ መልሳችሁ አንብቡና የጻፋችሁት ባይት መሆኑን አወዳድሩ።

ምልክት፦ ሚሞሪ የሚያሳዩት ትእዛዞች አይፈቀዱም

ይሄ ባግ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ የከርነል ሎክዳውን (ከርነሉን ከውጭ መነካካትን የሚገድብ የደህንነት ቅንብር) ኬዲቢንም ይመለከታል። በተጨማሪም ሲኤምዲ ኢኔብል የሚባለው ቅንብር የትኞቹ ትእዛዞች እንደሚፈቀዱ ይወስናል፤ ዋጋው 1 ከሆነ ሁሉም ክፍት ናቸው። ኮዱን ከመክፈታችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን እዩ።