በለንደኑ ኤልዛቤት መስመር ከሂትሮው ወደ መሃል ከተማ አጓጓዝ

ኤልዛቤት መስመር የተባለው የለንደን የባቡር መስመር እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 2022 ሥራ ጀመረ። በምዕራብ ከሬዲንግና ከሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ይነሣል፤ መሃል ለንደንን በዋሻ አቋርጦ በምሥራቅ ሼንፊልድና አቢ ዉድ ይደርሳል። ጣቢያዎቹ 41 ናቸው።

ትኬት መግዛት አያስፈልግም። በንክኪ የሚከፍል የባንክ ካርድ ወይም ስልክ ሲገቡም ሲወጡም ማስነካት በቂ ነው። ብዙ ሰው የሚቀጣው እዚህ ላይ ነው፤ በስልክ ገብቶ በካርድ የወጣ፣ የባንክ ሒሳቡ አንድ ቢሆን እንኳ፣ እንደ ሁለት ያልተጠናቀቀ ጉዞ ተቆጥሮበት ከፍተኛውን ዋጋ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። አንድ ካርድ ለሁለት ሰውም አይሆንም። ኦይስተር የተባለው፣ ገንዘብ አስቀድሞ የሚሞላበት የለንደን የትራንስፖርት ካርድ ደግሞ በሬዲንግ አቅጣጫ ከዌስት ድሬይተን ወዲያ አይሠራም።

ሂትሮው ላይ ከመሳፈርዎ በፊት የባቡሩን ስም ያንብቡ። በዚያው መድረክ ሂትሮው ኤክስፕረስም ይመጣል፤ ፈጣን ነው፣ ግን እጅግ ውድ ከመሆኑም በላይ በመሃል ለንደን ምዕራባዊ ጫፍ ካለው ከፓዲንግተን ጣቢያ አያልፍም። መጸዳጃ ቤትም እዚያው ይጨርሱ፤ የኤልዛቤት ባቡር ውስጥ የለም።

ዋናው ቁም ነገር የትኛው ፉርጎ ውስጥ እንደሚቀመጡ ነው። ባቡሩ ዘጠኝ ፉርጎ አለው፤ ርዝመቱ ከ200 ሜትር ይበልጣል። መሃል ከተማ ያሉት አንዳንድ ጣቢያዎች በሁለቱም ጫፍ መውጫ ስላላቸው፣ በተሳሳተው ጫፍ የወረደ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ መድረኩን ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ከሂትሮው ሲመጡ እንዲህ ያድርጉ፦

ፋሪንግደን ወርደው ቴምዝሊንክ በተባለው ሌላ ባቡር ወደ ጋትዊክ ወይም ሉተን አውሮፕላን ማረፊያ የሚቀጥሉ ከሆነ ኋላ ይቀመጡ፤ ወደ ባርቢካን ከሆነ ፊት። ሊቨርፑል ስትሪት ላይም የኋለኛው ጫፍ ወደ ሙርጌት፣ የፊተኛው ወደ ትልቁ የባቡር ጣቢያ ያወጣል። ቦንድ ስትሪት ሲደርሱ ሃኖቨር ስኩዌር ቅርብ የሚሆነው ከፊት ለወረደ ነው። ፉርጎዎቹ እርስ በርስ ክፍት ስለሆኑ ተሳስተው ቢገቡም በውስጥ መሄድ ይቻላል፤ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ግን በሻንጣ አይሞከርም።

በዋሻው ጣቢያዎች መድረኩና ሐዲዱ በመስታወት ግድግዳ የተለዩ ናቸው። ከመስታወት በሮቹ በላይ ያለው ሰሌዳ ቀጣዩ ባቡር የት እንደሚሄድ ይነግራል። በተለይ ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ ይህን ማየት ግድ ነው፤ ዋይትቻፕልን እንዳለፈ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል። ስትራትፎርድ የሚሄድ የሼንፊልዱን፣ ካናሪ ዋርፍ የሚሄድ የአቢ ዉዱን ይያዝ። የተሳሳተው ውስጥ ገብተው ካናሪ ዋርፍ ቢደርሱ፣ ከጣቢያው አይውጡ፤ የመልሱ ባቡር ከመድረኩ በሌላኛው ጎን ይመጣል፣ በእሱ ወደ ዋይትቻፕል ተመልሰው የሼንፊልዱን ይጠብቁ።