መድኃኒቱን ላቁም ከማለትዎ በፊት

ከደብረ ማርቆስም ሆነ ከቡሬ ጤና ተቋም “ኤችአይቪ ቫይረሱ በደምዎ አልታየም” ተብሎ የወጣ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደስ ሊለው ይገባል። የምፈራው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሐሳብ ነው።

ትልቁ ስህተት ይህን ውጤት እንደ መዳን መቁጠር ነው። የቫይራል ሎድ ምርመራ የሚለካው በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን ቫይረስ ነው። ሲዲ ፎር በሚባሉት የሰውነት መከላከያ ሴሎች ውስጥ የተኛውን አያየውም። መድኃኒቱም የሚያግደው የሚራባውን እንጂ የተኛውን አይደለም። ስለዚህ መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ በአብዛኛው ሰው ደም ውስጥ በ2 እና በ4 ሳምንት መካከል ተመልሶ ይታያል።

“አቁሜ ምንም አልሆንኩም” ማለትም ያሳስታል። ቫይረሱ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ሰውየው እርሻውን እያረሰ፣ ቫይረሱ ግን እየተራባ ነው፤ ለትዳር ጓደኛም ሊተላለፍ ይችላል። የሚመለስበትን ቀን ደግሞ ሐኪምም አያውቀውም። አሜሪካ ሚሲሲፒ የተወለደች አንዲት ሕፃን ያለ መድኃኒት 27 ወር ቆይታ፣ ተድናለች ሲባል በ2014 ቫይረሱ ተመለሰባት። በቦስተን የመቅኔ ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሁለት ሰዎችም በጥንቃቄ ተመርምረው ምንም አልተገኘባቸውም ነበር። መድኃኒቱን ሲያቆሙ ግን አንዱ በ12፣ ሌላው በ32 ሳምንት ተመለሰባቸው።

ከኤችአይቪ በመዳን የመጀመሪያው ሰው የሚባለው ቲሞቲ ብራውን ድኗል፣ እውነት ነው። የዳነው ግን ለደም ካንሰር ተብሎ ቫይረሱን የሚቋቋም ሴል ካለው ለጋሽ መቅኔ ስለተሰጠው ነው። ያ ሕክምና ራሱ ሊገድል ይችላል።

ስለ ጠበል ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ግሽ ዓባይ የሚሄድ ሰው እምነቱን መተው የለበትም፤ ኪኒኑን ግን ቤት ጥሎ አይሂድ። አቡነ ጳውሎስም ጠበልና መድኃኒቱ አብረው እንደሚሄዱ ተናግረዋል። ለምእመናን ይህን የሚደግም የንስሐ አባት ነፍስ ያድናል ብዬ አምናለሁ። ጾምም ሰበብ አይሁን። አሁን በብዛት የሚሰጠው ኪኒን በቀን አንድ ጊዜ ነው፤ ያለ ምግብም ይወሰዳል፣ ማታ ቢዋጥም ይሠራል።

ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የሚወርዱ ደግሞ ቀጠሯቸውን ሳያስተካክሉ ይሄዳሉ። ሁኔታው ለተረጋጋ ታካሚ የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚሰጥበት አሠራር አለ። ከመውረድዎ በፊት ይጠይቁ። አቋርጠው ከሆነም ዛሬውኑ የኤችአይቪ መድኃኒት ወደሚሰጥበት ኤአርቲ ክፍል ይመለሱ፤ መቼ እንዳቆሙም ሳይደብቁ ይንገሯቸው።