ከጣና ዓሣ እስከ ሕፃን ፊት፦ ዝግመተ ለውጥን ለሥነ ልቦና ተማሪዎች ማስረዳት

የዝግመተ ለውጥ ንድፈ ሐሳብ የሥነ ልቦና ጥናትን እንዴት እንደለወጠ በባሕር ዳር ለማስተማር የሚፈልጉ መምህር፣ ትምህርቱን ዓሣ አጥማጆች ዓሣቸውን ከሚያራግፉበት የሐይቅ ዳር ይጀምሩ። በጣና ብቻ የሚገኙትን 15 ያህል የላቢዮባርበስ (የዓሣ ወገን) ዝርያዎች ተማሪዎቹ እያስተያዩ፣ የአፋቸው ቅርጽ እንደ አመጋገባቸው መለያየቱን ራሳቸው እንዲያስተውሉ ጊዜ ይስጧቸው፤ ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ ቀሪውን አይረሳም።

ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1858 ለንደን ውስጥ በተነበቡት የብሪታንያውያኑ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች የዳርዊንና የዋላስ ጽሑፎች የቀረበውን የተፈጥሮ ምርጫ ሐሳብ ያስረዱ፦ ለመኖርና ለመራባት የሚጠቅም፣ የሚወረስ ልዩነት ከትውልድ ወደ ትውልድ እየበዛ ይሄዳል።

ወደ ሥነ ልቦና የሚያሻግረው ድልድይ ሕፃን ነው። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1839 የተወለደውን የበኩር ልጁን ቁጣ፣ ፍርሃትና ፈገግታ ተከታትሎ መዝግቧል፤ እ.ኤ.አ. በ1872 ደግሞ የሰውንና የእንስሳትን ስሜት አገላለጽ የሚያነጻጽር መጽሐፍ አሳትሟል። ተማሪዎችዎም በወላጅ ፈቃድ አንድን ሕፃን ለሳምንት ያህል ይከታተሉ። በማስታወሻቸው ላይ ያዩትን በአንድ ዓምድ፣ የገመቱትን በሌላ ዓምድ ይጻፉ፤ ማንኛውንም ጠባይ «በተፈጥሮ ምርጫ የመጣ ነው» ብሎ መደምደም የተለመደ ስሕተት ስለሆነ፣ ከቤተሰብ የተማረው ሊሆን ይችል እንደሆነ ከእያንዳንዱ ግምት ጎን እንዲያሰፍሩ ያድርጉ።