ከጅማ ወደ ኳንት ፋይናንስ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአካውንቲንግ፣ በማኔጅመንት ወይም በታሪክ ተመርቀው ወደ ኳንት ፋይናንስ፣ ማለትም የገበያ ውሳኔዎችን በሒሳብና በኮድ ወደሚሠራው ሙያ መሻገር ካሰቡ፣ ጅማ ላይ ሆነው የሚለማመዱበት ነገር ከደጅዎ አለ፤ ቡና። ስህተቶቹንም በቡና ዋጋ እናሳያለን።

ከላይ መጀመር። ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከዳታ እንዲማር ማድረግ) ይገባና ማትሪክስና ዲሪቬቲቭ ሲመጣበት ይተወዋል። መጀመሪያ የመሰናዶውን ካልኩለስ ይከልሱ፤ ከዚያ ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ፣ ቀጥሎ ሊኒየር አልጀብራ። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጎን ለጎን ያስኪዱት። በቀን ሁለት ሰዓት ለሚያጠና ሰው መሠረቱ ብቻ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል።

ኮድን በቪዲዮ መማር። ያዩትን ዘግተው ከባዶ መጻፍ ካልቻሉ ገና አልተማሩትም።

የመቶኛ ለውጥን እንዲሁ መደመር። ፈረሱላው 10,000 ብር የነበረ ቡና 50 በመቶ ወርዶ መልሶ 50 በመቶ ቢጨምር አማካዩ ዜሮ ይመስላል፤ ዋጋው ግን 7,500 ብር ላይ ነው። ሩቡ ጠፍቷል። እያንዳንዱ ለውጥ በሎግ (በናቹራል ሎጋሪዝም) ሲሠራ ‑0.693 እና 0.405 ተደምረው ‑0.288 ይሰጣሉ፤ ይህም ወደ ዋጋ ሲመለስ በትክክል 0.75 ነው። የዋጋ መዋዠቅን (የለውጦቹን ስታንዳርድ ዲቪዬሽን) ወደ ዓመት ሲቀይሩም እንዲሁ ይጠንቀቁ፦ ዕለታዊው 2 በመቶ ከሆነ የሚባዛው በ252 የግብይት ቀናት ሳይሆን በ252 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ15.87 ነው። ውጤቱ 32 በመቶ ገደማ ይሆናል።

ቀንን እንደተጻፈ ማስገባት። ይህ የእኛው አገር ችግር ስለሆነ የውጭ ትምህርቶች አይነግሩዎትም። ደረሰኝ ላይ ያለውን 30/2/2016 ፓይተን ቢያነበው ፌብሩዋሪ 30 የለምና ስህተት ይላል፤ ጳጉሜንንም አያውቃትም። አደገኛው ግን ዝም ብሎ የሚቀበለው ነው። ቀን ከወር ቀድሞ እንዲያነብ ከታዘዘ 12/3/2016ን የማርች ቀን አድርጎ ይይዘውና ዋጋውን ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በፊት ከነበረው የኒው ዮርክ ገበያ የቡና ዋጋ ጋር ያጋጥመዋል። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ግሪጎርያን ይቀይሩ፤ ከዚያም አሥር ያህል ቀኖችን በእጅ ያመሳክሩ።

መለኪያን ማደባለቅ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋጋ በፈረሱላ፣ በ17 ኪሎ ነው፤ የኒው ዮርኩ የአረቢካ ቡና ፊውቸርስ (ወደፊት የሚረከቡት ቡና ዋጋ ዛሬ የሚቆረጥበት) ውል ደግሞ በፓውንድ፣ በአሜሪካ ሳንቲም። አንድ ፈረሱላ 37.48 ፓውንድ ስለሆነ 300 ሳንቲም ማለት በፈረሱላ 112 ዶላር ከ44 ሳንቲም ነው። አንዱ ውል 37,500 ፓውንድ ስለሚይዝ ከሞላ ጎደል ልክ አንድ ሺህ ፈረሱላ ይሆናል፤ ይህን ቢይዙ ስሌትዎን በአእምሮ ይፈትሹበታል። የጀንፈልንና የተፈለፈለ ቡናን ዋጋ በአንድ ዓምድ ማስገባትም ከዚሁ ይመደባል።

የብርን ለውጥ የቡና ጭማሪ አድርጎ ማንበብ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ብር በፍጥነት ወረደ። ያንን ጊዜ የሚያቋርጥ ዳታ በብር ብቻ ከታየ ሞዴሉ የሌለ አዝማሚያ ይማራል። ዋጋውን በዶላርና በምንዛሪ ለሁለት ይክፈሉት።

ነገን አይቶ ዛሬ መግዛት። ባክቴስት (ስልትን ባለፈ ዳታ መፈተን) ላይ አስደናቂ ትርፍ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ይህንን ይሁን። ኒው ዮርክ የሚዘጋው እዚህ ከመሸ በኋላ ስለሆነ፣ የዕለቱን መዝጊያ ዋጋ አይተው በዚያው ቀን አዲስ አበባ ላይ ሊገበያዩ አይችሉም። የግዛ ወይም የሽጥ ምልክቱን በዳታ ሰንጠረዡ ላይ በአንድ ረድፍ ወደ ታች ያውርዱት። የማጓጓዣና የኮሚሽን ወጪም ይቀንሱ፤ ብዙ ጊዜ ትርፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

የፎሬክስ ሲግናልን ከዚህ ሙያ ጋር ማምታታት። በቴሌግራም የሚሸጥ፣ የትኛውን የውጭ ምንዛሪ መቼ መግዛትና መሸጥ እንዳለብዎ የሚነግር ሲግናል ስሌቱን አያሳይዎትም። ለቀጣሪ የሚያሳዩት ሥራ ሌላ ሰው ከፍቶ እንደገና ሊያስኬደው የሚችል መሆን አለበት፦ ጥሬው ዳታ፣ የጸዳው ዳታ፣ ኮዱ፣ እና ሞዴሉ የት ላይ እንደሚሳሳት የሚገልጽ አንድ ገጽ።