ኤሌክትሮኒክ የባሕር ካርታ ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ብሪጅ ላይ፣ ማለትም መርከቧ በምትመራበት ክፍል፣ ተረኛ የሆነ ወጣት መኮንን ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ሴፍቲ ኮንቱርህ ስንት ላይ ነው?» ብዬ ነው። አብዛኛውን ጊዜ «ሠላሳ ሜትር» ይለኛል። «ለምን ሠላሳ?» ስለው «ስረከብ እንደዚያ ነበር» ይላል። ይህን መልስ ስሰማ ስለከረምኩ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ኤክዲስ፣ ማለትም ኤሌክትሮኒክ ካርታውን የሚያሳየው ማሽን፣ ከአሁን ወዲያ ምርጫ የለውም። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2009 ባጸደቀው የሶላስ (የባሕር ላይ ደህንነት ስምምነት) ማሻሻያ፣ ከጁላይ 2012 ጀምሮ በአዳዲስ የመንገደኛ መርከቦችና ታንከሮች ላይ ግዴታ ሆነ። ከዚያ ደረጃ በደረጃ እየሰፋ በጁላይ 2018 ባለ 10,000 ግሮስ ቶን ነባር የጭነት መርከቦች ላይ ደረሰ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ሥራ የሚጀምር ካዴት፣ ማለትም ተለማማጅ መኮንን፣ በወረቀት ካርታ ላይ እርሳስ ይዞ ሌሊት ተረኛ ሆኖ አያውቅም ይሆናል። ለዚህ አልወቅሰውም። የሚያሳስበኝ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ማሽኑ ራሱ አስቦ ያስቀመጠው ሲመስለው ነው።

ሴፍቲ ኮንቱርን ሳያሰሉ መተው

ከሁሉም ስህተት የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ሴፍቲ ኮንቱር ካርታውን ለሁለት የሚከፍል የጥልቀት መስመር ነው። በአንድ ወገን ያለው ውሃ ለመርከባችሁ ይበቃል፣ በሌላው ወገን ያለው አይበቃም። መርከቧ ያንን መስመር ልታቋርጥ ስትል ማሽኑ ይጮኻል። ቁጥሩን የምታስገቡት እናንተ ናችሁ። ካላስገባችሁ ማሽኑ በራሱ 30 ሜትር ይይዛል። 30 ሜትር የእናንተን መርከብ አያውቅም። ጭነቷንም፣ ፍጥነቷንም አያውቅም።

9 ሜትር የምትጠልቅ፣ ማለትም ሆዷ ከውሃው ወለል በታች ያን ያህል የሚወርድ መርከብ በ30 ሜትር ኮንቱር የሰሜን ባሕርን ደቡባዊ ክፍል ስታቋርጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። ስክሪኑ በሰፊው ሰማያዊ፣ ማለትም የማይበቃ ውሃ ቀለም ይሆናል። አላርሙ ይጮኻል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይጮኻል። ሰው ነውና ይሰለቻል። እጁ አላርሙን መቀበያ ቁልፍ ላይ መቅረት ይጀምራል። ከሳምንት በኋላ ሳያነብ ነው የሚጫነው። አንዱ ደግሞ ድምፁን ከነጭራሹ ያጠፋዋል።

«ኦቪት» የምትባለው የኬሚካል ታንከር ታሪክ ይህ ነው። በሴፕቴምበር 18 ቀን 2013 የአትክልት ዘይት ጭና ከሮተርዳም ወደ ጣሊያኗ ብሪንዲዚ ትጓዝ ነበር። የጉዞ ዕቅዱን የሠራው ልምድ የሌለው ጀማሪ መኮንን ነው። መስመሩን ያሳለፈው በዶቨር ሰርጥ መሃል በተጋደመው የአሸዋ ቁልል፣ በቫርን ባንክ ላይ ነበር። ዕቅዱ ከመነሳታቸው በፊት በአግባቡ አልተመረመረም። መርከቧ የምትጠልቀው ወደ 8 ሜትር ሆኖ ሳለ ሴፍቲ ኮንቱሩ 30 ሜትር ላይ ነበር፤ የአላርሙም ድምፅ አይሠራም። የቁልሉን ጠርዝ የሚያሳዩት የቦያ (የተንሳፋፊ ምልክት) መብራቶች ከፊት ለፊት እያበሩ መርከቧ ሄዳ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። የብሪታንያ የባሕር አደጋ መርማሪዎች እንደጻፉት ተረኛው መኮንን መሬት መንካታቸውን የተረዳው ከ19 ደቂቃ በኋላ ነው። ይህን ለካዴቶች ስነግራቸው ይስቃሉ። እኔ አልስቅም፤ ሰውየው የተቀመጠበት ወንበር ዛሬ የእነሱ ወንበር ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። መርከባችሁ 9.5 ሜትር ትጠልቃለች እንበል። በ12 ኖት ስትሄድ ስኳቷ 0.8 ሜትር ነው፤ ከፍጥነቷ የተነሳ ያን ያህል ተጨማሪ ዝቅ ትላለች ማለት ነው። ኩባንያችሁ ከመርከቧ ሆድ በታች ቢያንስ 1.5 ሜትር ውሃ ይኑር ይላል። አካባቢው የተለካበት የጥራት ደረጃ ቢ ከሆነ (ደረጃዎቹን ወደ ታች እገልጻለሁ)፣ የካርታው የጥልቀት ስህተት 1 ሜትር ሲደመር የጥልቀቱ 2 በመቶ ነው፤ እዚህ ላይ 1.25 ሜትር ገደማ ይመጣል። ሲደመር 13.05 ይሆናል። የባሕሩን ሙላት ሳትቆጥሩ 13.1 ብላችሁ ያዙ።

አሁን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ደረስን። 13.1 ብላችሁ ስታስገቡ ካርታው ላይ የ13.1 ሜትር መስመር የለም። በብዙ ካርታዎች ላይ ያሉት 5፣ 10፣ 20 እና 30 ናቸው። ማሽኑ ወደሚቀጥለው ጥልቅ መስመር ይሄድና 20ን ይወስዳል። ስለዚህ 14፣ 15፣ 16 ሜትር ያለው፣ ለእናንተ የሚበቃው ውሃ ሁሉ «አደገኛ» በሚለው ቀለም ይቀባል። የወደቡ መግቢያ 15 ሜትር ከሆነ መስመሩን ማቋረጣችሁ አይቀርም፤ አላርሙም መጮኹ አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ይመጣና «እስቲ 10 አድርገው፣ ዝም ይላል» ይላል። በፍጹም እንዳታደርጉት! 10 ካደረጋችሁ ከ10 እስከ 13 ሜትር ያለው፣ መርከባችሁን መሬት ላይ የሚያስቀምጣት ውሃ፣ «ንጹሕ» ሆኖ ይታያል። አላርሙ ዝም ያለው አደጋው ስለሌለ ሳይሆን አደጋውን ከማሽኑ ስለደበቃችሁት ነው።

ትክክለኛው አሠራር ይሄ ነው። ኮንቱሩ 20 ላይ ይቆይ። ሴፍቲ ዴፕዝ የሚለው ቦታ ላይ 13.1 አስገቡ፤ ከዚያ በታች የሆኑ የጥልቀት ቁጥሮች ደምቀው ይወጣሉ። ዕቅድ ስትሠሩ ዝርዝር ካርታውን ከፍታችሁ፣ እነዚያን ደማቅ ቁጥሮች እየተከተላችሁ የማይገባበትን ቦታ በእጃችሁ አጥሩ። በጉዞ ዕቅዱ ላይ ደግሞ አላርሙ የት ቦታ ላይ እንደሚጮኽና ለምን እንደሚጮኽ ጻፉ። ተረኛው እዚያ ሲደርስ የጠበቀውን አላርም አንብቦ ይቀበላል። ያልጠበቀው ሲጮኽ ብድግ ይላል።

ድምፁን ማጥፋት

ከላይ ነካ አድርጌዋለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በጁላይ 2014 «ኮሞዶር ክሊፐር» የተባለችው መርከብ መንገደኞች ይዛ ገርንዚ ደሴት ስትገባ ድንጋይ ላሰች። የአላርሙ ድምፅ ተዘግቶ ነበር። ያን ዕለት ባሕሩ በጣም ጎድሎ እንደነበር፣ ስኳትና የካርታው ጥራትም በቂ ትኩረት እንዳላገኙ ምርመራው አሳይቷል። መንገዱን ዘወትር የሚመላለሱበት ሰዎች ነበሩ። የሚለመድ መንገድ ላይ ነው ድምፅ የሚጠፋው።

ዕቅድን በሰፊ ካርታ ላይ መፈተሽ

መስመራችሁን ሠርታችሁ ስትጨርሱ ዙም አውት አድርጋችሁ «ያምራል» ብላችሁ አትለፉ። ካርታውን ባራቃችሁት ቁጥር ማሽኑ ስክሪኑ እንዳይጨናነቅ ብሎ ዝርዝሩን ይደብቃል። ቁጥሮች ይጠፋሉ፣ ቦያዎች ይጠፋሉ። ባዶ ሆኖ የሚታያችሁ ቦታ ባዶ ላይሆን ይችላል።

በዲሴምበር 2016 «ሙሮስ» የተባለች መርከብ በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ሄይዝብራ ሳንድ ላይ ተቀመጠች። ሁለተኛ መኮንኑ መንገዱን በዚያው ጉዞ ላይ ቀየረው። አዲሱን መስመር በዓይኑ ያየው ሰፊ ቦታ በሚያሳይ ካርታ ላይ ነው። ማሽኑ በራሱ ፍተሻ ያወጣው ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ችላ ተባለ። አላርሞቹም ተዘግተው ነበር። በጁላይ 2020 ሞሪሸስ ላይ ሪፍ (ከባሕር ሥር የሚወጣ የኮራል ቋጥኝ) የመታችው፣ ነዳጇም የባሕር ዳርቻውን ያበላሸው «ዋካሺዮም» የስልክ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ደሴቲቱ ስትጠጋ ዳርቻውን በዝርዝር የሚያሳይ ካርታ አልተጠቀመችም።

የመስመር ፍተሻ የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ ረጅም ዝርዝር ይመጣል። አዎ፣ አሰልቺ ነው። ግን እያንዳንዱን አንብቡት። ከዚያ በኋላ ደግሞ መስመሩን ከመነሻ እስከ መድረሻ፣ በዝርዝር ካርታ፣ በዓይናችሁ ተከተሉት። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

በስታንዳርድ ማሳያ መጓዝ

ስታንዳርድ የሚለው ማሳያ የጥልቀት ቁጥሮችን አያሳይም። ብዙ ጀማሪ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ቁጥሮቹን ራሳችሁ ክፈቷቸው።

ካርታው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥራት ያለው መምሰል

በወረቀት ካርታ ላይ የድሮ ልኬት ራሱ ያስታውቅ ነበር። ቁጥሮቹ ሳስ ይላሉ፣ ጥጉ ላይ የተለካበት ዓመት ተጽፏል። ስክሪን ላይ ግን ባለፈው ዓመት የተለካውና ከመቶ ዓመት በፊት በገመድና በእርሳስ ክብደት የተለካው እኩል ጠርተው ይታያሉ። ልዩነቱን የሚነግራችሁ የጥራት ደረጃው ነው። ከኤ1 ጀምሮ ኤ2፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እያለ ይወርዳል። ኤ1 ላይ የቦታው ስህተት እስከ 5 ሜትር ነው። ሲ ላይ እስከ 500 ሜትር ይደርሳል። ካርታው ላይ እዚህ ያለ ሪፍ በእውነት ግማሽ ኪሎ ሜትር ፈቀቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። እናንተ ደግሞ ከሪፉ 400 ሜትር ርቃችሁ አልፋለሁ ብላችሁ መስመር ትሠራላችሁ!

ቀይ ባሕር ላይ ከዋናው የመርከብ መንገድ ስትወጡ ይህን ደረጃ ከፍታችሁ ሳታዩ አትሂዱ። ኮራሉ በድንገት ነው ከጥልቅ ውሃ ቀጥ ብሎ የሚወጣው፤ ጥልቀት መለኪያው አስቀድሞ አይነግራችሁም።

ጂፒኤስን ብቻ ማመን

ካርታው ላይ የምትታየው ትንሿ መርከብ የተቀመጠችው ጂፒኤስ እዚያ ናት ስላለ ነው። ጂፒኤስ ከተረበሸ ትንሿ መርከብ ትሄዳለች፤ እውነተኛዋ ሌላ ቦታ ናት። በሜይ 2025 «ኤምኤስሲ አንቶኒያ» የተባለች የኮንቴይነር መርከብ ጅዳ አቅራቢያ መሬት ላይ ስትቀመጥ በአካባቢው የጂፒኤስ ረብሻ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። ይህ የእኛ መርከቦች ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱበት ባሕር ነው።

ስለዚህ የራዳሩን ምስል ካርታው ላይ ደርቡ። የራዳሩ ዳርቻና የካርታው ዳርቻ ካልተገጣጠሙ አንዱ ተሳስቷል። ባብ ኤል መንደብን ስታልፉ የፔሪም ደሴት አለላችሁ፣ ወደ ጅቡቲ ስትታጠፉ ራስ ቢር አለላችሁ። ርቀትና አቅጣጫቸውን ውሰዱና በእጃችሁ ኤክዲሱ ላይ አስገቡ። ማሽኑ ይህን ማድረጊያ ቦታ አለው፤ ተጭኖት የማያውቅ መኮንን ግን ስንቱ ነው። ተረኛ በሆናችሁ ቁጥር፣ ጂፒኤሱ ደህና በሆነበት ቀን፣ አድርጉት። በተረበሸበት ሌሊት እጃችሁ ቦታውን ያውቀዋል።

ኮርስ ወስጃለሁ ብሎ መዝናናት

የአርባ ሰዓቱ አጠቃላይ ኮርስ ኤክዲስ ምን እንደሆነ ያስተምራችኋል። መርከባችሁ ላይ የተተከለው ማሽን ግን የሌላ አምራች ሊሆን ይችላል። ሜኑው ሌላ፣ ቁልፉ ሌላ፣ ፍተሻው የተደበቀበት ቦታ ሌላ ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱን ጀማሪው ላይ መጫን አልወድም። አንድን ልጅ ከአውሮፕላን አውርዶ፣ ወደብ ላይ በሁለት ሰዓት ርክክብ፣ የማያውቀው ማሽን ፊት አቁሞ ማታ መርከብ መስጠት የኩባንያ ጥፋት ነው። ልጁ ግን አፍ አለው። «ይህን ማሽን አላውቀውም፣ ጊዜ ስጡኝ» ማለት ነውር አይደለም። እንዲህ ያለኝን መኮንን እኔ ይበልጥ አምነዋለሁ።

ጥቂት አጫጭር ነገሮች

ሳምንታዊው ማሻሻያ ገብቷል ማለት ጊዜያዊ ማስታወቂያዎች ሁሉ ገብተዋል ማለት አይደለም፤ ሁሉም አገር ካርታው ውስጥ አያስገባቸውም።

መድረሻ ወደብ ሲቀየር መጀመሪያ የሚታየው የአዲሱ አካባቢ ካርታ ፈቃድ መኖሩ ነው፤ ባሕር መሃል ኢንተርኔት ሲጠፋ ሳይሆን ከመነሳት በፊት።

ኤክዲሱ ላይ ስልክ ቻርጅ አይደረግም። የግል ፍላሽም አይሰካም።

የኤሌክትሮ ቴክኒካል መኮንኖችም አላችሁ፤ ባሕር ዳር ሠልጥናችሁ በዓለም መርከቦች ላይ የተበተናችሁት ብዙ ናችሁ። ማሽኑን አጥፍታችሁ ስታበሩ ወይም ሶፍትዌር ስታድሱ ለተረኛው ንገሩት። ሴቲንጉ ወደ ፋብሪካው ቁጥር ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ያቺ 30 ሜትር ብዙ ጊዜ የምትመለሰው በዚህ በር ነው።

ስለሚመጣው

ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ኤስ 100 በሚባለው አዲስ መመዘኛ የተሠሩ ኤክዲሶችን መትከል ይቻላል፤ ከ2029 ጀምሮ ደግሞ አዲስ የሚተከለው ሁሉ በዚያ መመዘኛ ይሆናል። በውስጡ ኤስ 102 የሚባል ዝርዝር የጥልቀት መረጃ አለ። እሱ ባለበት ቦታ ማሽኑ ከ10 ወደ 20 አይዘልም፤ ለእናንተ 13.1 ቅርብ የሆነውን መስመር ማውጣት ይችላል። ይህ መረጃ የሚኖረው ግን በዘመናዊ መሣሪያ በተለኩ ቦታዎች ነው። ነባሮቹ ማሽኖችም ከነነባር ካርታቸው ገና ለዓመታት አብረውን ይጓዛሉ።