አዲስ ሲኖ (የቻይናውን የጭነት መኪና) ገዝተህ የመጀመሪያውን የሞተር ዘይት መች ትቀይራለህ?

አብሽር፣ መጀመሪያ ረጋ በል። አዲስ መኪና ያወጣ ሰው ሁሉ "ዘይቱን መች ልቀይር?" ይልና ኮምቦልቻ ውስጥ አምስት ሰው ጠይቆ አምስት ቁጥር ይዞ ይመለሳል። አንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ይለዋል፣ አንዱ 5,000፣ ሌላው ደሞ "አዲስ ሞተር ምን ይሆናል፣ 10,000 ድረስ ንዳው" ይለዋል። የሚገርመው ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ የሚያወራው ስለራሱ መኪናና ስለሚሄድበት መንገድ ነው።

መኪናው ውስጥ ያለውን መመሪያ አውጣው። ብዙ ሰው ላስቲኩን ሳይቀድ መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል። የመጀመሪያ ሰርቪስ የሚል ቦታ አለው፣ እዛ ላይ ያለው ቁጥር ከኔም ከማንም ምክር ይቀድማል፣ ነገ ዋስትና ልጠይቅ ብትል መጀመሪያ የሚያዩብህ እሱን ነው። ቻይንኛ ብቻ ከሆነ ሻጩን የእንግሊዝኛውን አምጣ በለው፣ አታፍር፣ ይሄን ሁሉ ብር ከፍለህ። ጭራሽ መጽሐፍ ከሌለ እኔ ከ2,000 እስከ 3,000 ባለው ውስጥ የመጀመሪያውን እደፋለሁ።

ለምን እንዲ ቶሎ? አዲስ ሞተር ገና እርስ በርሱ አልተላመደም። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ከሲሊንደሩ ጋር፣ ብሮንዚናው (ዘንጉ የሚዞርበት መቀመጫ) ከክራንክሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ጋር እየተፋተገ ቦታ ቦታውን ሲይዝ ደቃቅ የብረት ብናኝ ይወጣል፣ አንዳንዴም ፋብሪካ ውስጥ የቀረ ማጣበቂያ ምናምን አብሮ ይዞራል። ፊልትሮው (የዘይት ማጣሪያው) አብዛኛውን ይይዘዋል ግን ሁሉንም አይደለም። የመጀመሪያውን ዘይት ስትደፋ ፀሐይ ላይ ብታየው ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አለው፣ እሱ አያስደንግጥህ። በጥፍርህ የሚያዝ ስብርባሪ ካገኘህ ግን ምንም ሳትነካ ወደ ሻጩ ሂድ።

እስከዛ ድረስ አትጨቁነው። ሙሉ ጭነት ጭነህ አንድ ማርሽ ላይ እያስጮህክ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን የሐረጎን ዳገት አታውጣው። ደሞ በተቃራኒው ቆሞ ለሰዓታት እንዲያንጎራጉር አታድርገው፣ እሱም ለአዲስ ሞተር ጥሩ አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር ጋ መጣን። ከመጀመሪያው በኋላስ? መመሪያው ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለው፣ አንዱ ለቀላል ስራ አንዱ ለከባድ ስራ። ሰው ሁሌ ትልቁን ቁጥር ይመርጣል፣ ደስ ስለሚል። ግን እስቲ መንገዳችንን እየው። ከጅቡቲ ስትመለስ ሚሌ፣ አፋር በረሃው ላይ ሙቀቱና አቧራው አለ፣ ከዛ ጭነህ ባቲን ትወጣለህ፣ ሰኞ ከሆነ ደሞ ለገበያ የሚነዳው ግመልና ፍየል መንገዱን ሞልቶት በአንደኛ ማርሽ ትንፏቀቃለህ፣ ኮምቦልቻ ስትገባ 1,800 ሜትር አልፈሃል፣ ከዛ ወደ 25 ኪሎ ሜትር በምትሆን ጠመዝማዛ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ትደርሳለህ። ከፍታው ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ናፍታው በደንብ አይቃጠልም፣ ጥቀርሻ ይበዛል፣ ጥቀርሻው ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ይሄ ከባድ ስራ ካልሆነ ምን ከባድ ስራ አለ? መጽሐፉ ለቀላል ስራ 10,000 ለከባድ 5,000 ካለህ ያንተ 5,000 ነው፣ በቃ።

ሌላው ሰው የማይቆጥረው የቆመበትን ሰዓት ነው። ኮምቦልቻ ጅቡቲ ደርሶ መልስ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። አሁን አስበው፣ ወረፋ ላይ፣ ፍተሻ ላይ፣ ደረቅ ወደብ በር ላይ፣ ማታ ሙቀቱ አላስተኛ ሲልህ ኤሲውን ከፍተህ፣ ሞተሩ ሲዞር ያድራል። ቆሞ የሚሰራ ሞተር አንድ ሰዓቱ በግምት 40 ኪሎ ሜትር እንደነዳ ይታሰባል። በአንድ ጉዞ 20 ሰዓት ቆመህ ካስነሳኸው 800 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ቆጣሪው ላይ የማይታይ። አምስት ጉዞ ሲሆን ቆጣሪህ 5,000 ይላል ሞተሩ ግን የ9,000 ስራ ሰርቷል። እኔ ይሄን እስክረዳ ድረስ "ገና 5,000 አልሞላም" እያልኩ ስንት ጊዜ እንዳሳለፍኩ ወላሂ አሁን ሳስበው ይቆጨኛል። ዳሽቦርዱ የሞተር ሰዓት የሚያሳይ ከሆነ እሱን እየው፣ ካላሳየ ረዳትህ ደብተር ላይ ይጻፍ።

መኪናው ስራ አጥቶ ቆሞ ከከረመም ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ቢያንስ በዓመት አንዴ ቀይር፣ እርጥበት ይገባበታላ።

ቀለም አይተህ ግን አትፍረድ። የናፍታ ሞተር ዘይት በቀየርክ በጥቂት ቀን ይጠቁራል፣ ጠቆረ ማለት አለቀ ማለት አይደለም፣ ጥቀርሻውን ተሸክሞ ስራውን እየሰራ ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ወተት የተቀላቀለበት ሻይ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለት ማሸጊያው፣ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፣ አታስነሳው። ሳትጨምርበት የዘይቱ ልክ ከፍ እያለ ከሄደና ናፍታ ናፍታ ከሸተተ ኖዝል (ናፍታውን የሚረጨው) እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል፣ ዘይቱ ቀጥኖ ብሮንዚናህን ይበላዋል።

የትኛውን ዘይት ልግዛ ካልክ፣ ለኛ አገር 15ደብሊው40 (የውፍረት ቁጥሩ ነው) የሚለው ለበረሃውም ለደሴ ብርድም ይሆናል፣ መመሪያው ሌላ ካላለህ በቀር። ከሱ በላይ የምታየው ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን የደረጃ ፊደል ነው፣ በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን ነው፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍታ፣ ሲ ኤች ፎር ከዛ ሲ አይ ፎር እያለ ወደ ላይ ይሄዳል፣ መጽሐፉ ከሚለው አትውረድ። የታሸገ ግዛ፣ ክዳኑን ራስህ ክፈተው። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ ዋጋው ቀነስ አለልኝ ብዬ ገዝቼ ጋራዥ ስከፍተው ውሃ ሆኖ ቀጥኖ አገኘሁት፣ ከዛ በኋላ ባዶውን ጀሪካን በጩቤ ሳልበሳ አልጥልም፣ ሰው ሞልቶ መልሶ እንዳይሸጥልኝ።

አቀያየሩ ከባድ አይደለም። ሞተሩን ትንሽ አሙቀው፣ ሞቅ ሲል ቀጥኖ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ሜዳ ላይ አቁመው፣ ድጋፍ ጎማው ስር አድርግ፣ አጥፋውና አስር ደቂቃ ጠብቅ፣ እጅህን እንዳያቃጥልህ። የኮፓውን (ከስር ያለውን የዘይት መያዣ) ታፖ፣ ማለት መዝጊያ ቡሎኑን፣ ፍታና እስኪንጠባጠብ ድረስ ተወው፣ አትቸኩል፣ ሻይ ጠጣ። የታፖዋን ሮንዴላ (ቀለበቷን) አዲስ አድርግ፣ ጥቂት ብር ናት። ፊልትሮው ሁሌ አብሮ ይቀየራል፣ አሮጌ ፊልትሮ ላይ አዲስ ዘይት ማፍሰስ ሳይታጠቡ አዲስ ልብስ መልበስ ነው። የአዲሱን ፊልትሮ ጎሚኒ (የጎማ ቀለበቱን) በጣትህ ዘይት ቀባው፣ በእጅህ እስኪነካ አዙር፣ ከዛ መጠቅለያው ላይ እንደተጻፈው፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ሩብ ዙር ያህል፣ ጨምር። በመፍቻ አትጠርቀው፣ በሚቀጥለው ሲፈታ ታለቅሳለህ።

ስትሞላ የሲኖ ሞተር ከ20 ሊትር በላይ ስለሚጠጣ ሁሉንም አንዴ አትገልብጠው፣ መጨረሻው ላይ እየለካህ። ረዳቴ አንዴ ባጠፋነው ቅጽበት ለክቶ "ጎድሏል" ብሎ አራት ሊትር ጨመረበት፣ ዘይቱ ገና ከላይ አልወረደም ነበር እኮ። ሲበዛ ክራንክሻፍቱ እየመታው አረፋ ይሆናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘውን ሲል (የጎማ ማሸጊያ) ጭምር ይገፋዋል። አስነስተህ የዘይት መብራቱ መጥፋቱን እይ፣ ሁለት ደቂቃ አዙረህ አጥፋ፣ ጠብቅ፣ ያኔ ለካ።

የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) እና የዲፈረንሻሉን (ኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረውን) ዘይትም አትርሳ፣ እነሱም አዲስ ሲሆኑ ብረት ይጥላሉ፣ ታፖው ላይ ማግኔት ካለ ጺም አብቅሎ ታገኘዋለህ። ኤር ክሊነሩን (የአየር ማጣሪያውን) ደሞ ከሚሌ በተመለስክ ቁጥር ክፈተው፣ አቧራ ከገባ ምንም ዘይት አያድንህም።

የተቃጠለውን ዘይት ቦርከና ወንዝ ዳር አትድፋ፣ ከታች ከብት የሚያጠጣ ሰው አለ። ጀሪካን ውስጥ አስቀምጠው፣ አጥር የሚሰራ ጎረቤት ምስጥ እንዳይበላው ለቋሚው መቀቢያ ብሎ መጥቶ ይወስድልሃል። ኪሎ ሜትሩን፣ ሰዓቱንና ቀኑን ፊልትሮው ላይ በማርከር ጻፍ። ከዛ ሐረጎን አንዴ ወጥተህ ስትመለስ፣ ቱርቦው (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) እንዲበርድ ሁለት ሦስት ደቂቃ አዙረህ አጥፋውና ሞተሩ ቀዝቀዝ ሲል ከስር ገብተህ ታፖዋን ዳብሳት፣ እጅህ ደረቅ ከወጣ ነገ መጫን ትችላለህ።