ስኳር ድንች እንዴት ይመረጣል፣ ይበስላል፣ ይተከላል፦ ለሐዋሳ ጓዳና ጓሮ

ስኳር ድንች ውሃ ውሃ ይላል፣ አይጣፍጥም የሚል ሰው ካጋጠመዎት ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአበሳሰሉ ነው። ገና ከመሬት በወጣ ስኳር ድንች ውስጥ የሚበዛው ስታርች ነው። ጣፋጭነቱ የሚመጣው በኋላ፣ ከፊሉ ቤት ውስጥ ሲያርፍ ከፊሉ ደግሞ ድስት ውስጥ ሳለ ነው። እኛ ግን ጠዋት የተነቀለውን ከሰዓት ገዝተን፣ ልጠን፣ ከትፈን፣ የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ እንጨምረዋለን፤ ሲቀርብም ስኳር እንነሰንስበታለን። ከዚህ በታች ያለውን አካሄድ የተከተለ ሰው ስኳሩን ለቡናው ያስቀምጣል።

1. ገበያ ላይ

በመደብ ሲገዙ ከላይ የተደረደሩትን ብቻ አይዩ፤ ከሥር ያሉትንም ገለጥ ያድርጉ። አንድ እጅ የሚጨብጣቸውን መካከለኛዎች ይምረጡ። በጣም የወፈረው ዓይን ይሞላል እንጂ ቃጫ ይበዛዋል፣ ለመብሰልም ያስቸግራል። ቆዳው የተላጠ፣ ጫፉ የለሰለሰ፣ የሻገተ ካለ ይተዉት።

ከሁሉ በላይ ግን ቀዳዳ ይፈልጉ። ጥቃቅን ጠቆር ያሉ ቀዳዳዎች ካሉ ነቀዝ ገብቶበታል። ሥሩ ነቀዝ ሲበሳው ወይም ሻጋታ ሲይዘው ራሱን ለመከላከል መራራ ኬሚካል ያመነጫል፤ ይህ ምሬት በማብሰል አይጠፋም። «የተበላሸውን ቆርጬ ለላሟ እሰጣለሁ» ማለትም አያዋጣም፤ የሻገተ ስኳር ድንች የበሉ ከብቶች ሳንባቸው ተጎድቶ የሞቱበት ጊዜ አለ። ቀምሰው ከመረረዎት ይጣሉት።

ቀለሙን በተመለከተ የቆዳው የውስጡን አይናገርም። ቀይ ቆዳ ያለው ውስጡ ነጭ ሊሆን ይችላል። ቀላሉ መጠየቅ ነው፦ «እናት፣ ውስጡ ነጭ ነው ቢጫ?» ሲሏቸው አብዛኞቹ ሻጮች አንዱን ሰብረው ያሳያሉ።

ነጩ ደረቅና ዱቄታማ ነው። በአካባቢያችን ለብዙ ጊዜ ስሙ የታወቀው ነጭ ዝርያ ሐዋሳ-83 ነው። ብርቱካናማው ለስላሳና እርጥበት ያለው ነው፤ ከነዚህ ውስጥ ቱላና ኩልፎ እ.ኤ.አ. በ2005፣ አላሙራና ዲላ ደግሞ በ2019 ለገበሬው ተለቀዋል። ቱላና አላሙራን ለሐዋሳ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ አንዱ ክፍለ ከተማው፣ ሌላው ተራራው ነው። ምርጫዬን ከጠየቃችሁኝ ለቡና ቁርስ ነጩ፣ ለልጆች ብርቱካናማው።

ብርቱካናማውን «ቀለም የገባበት ነው» ብለው የሚሸሹ አሉ። ቀለሙ ካሮትን ካሮት ያደረገው ያው ቤታ ካሮቲን ነው፤ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ዝርያዎቹም የወጡት በተለመደው የማዳቀልና የመምረጥ ሥራ ነው። ቫይታሚን ኤ ሲያንስ ልጆች በዓይናቸው ይጎዳሉ፣ በሽታ የመቋቋም አቅማቸው ይደክማል። 125 ግራም ገደማ የሚመዝን አንድ ትንሽ ብርቱካናማ ሥር ተቀቅሎ ለአንድ ሕፃን የቀኑን ፍላጎት ሊሸፍን ይችላል። ይህን ሥራ በአፍሪካ ያስፋፉት ማሪያ አንድራዴ፣ ሮበርት ምዋንጋና ጃን ሎው ከሃዋርዝ ቡይስ ጋር እ.ኤ.አ. የ2016ን የዓለም የምግብ ሽልማት ተጋርተዋል።

የዘረ መል ነገር ለሚያሳስበው ሰው ደግሞ አንድ አስገራሚ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት 291 የሚታረሱ የስኳር ድንች ዓይነቶችን መርምሮ በሁሉም ውስጥ ከአፈር ባክቴሪያ የተወረሰ ዘረ መል አግኝቷል። ያስገባው ላቦራቶሪ አይደለም፤ ባክቴሪያው ራሱ በጥንት ዘመን አስገብቶታል። የሰው ልጅም ይህን ሳያውቅ ለሺህ ዓመታት ሲበላው ኖሯል።

2. ማሳረፍ

ብዙ ሰው የሚዘልለው ደረጃ ይህ ነው። አዲስ የተነቀለ ስኳር ድንች ቆዳው ስስ ነው፤ በጆንያ ሲጫንና ሲራገፍ ይላላጣል። ሞቅ ያለና እርጥበት ያለው ቦታ ላይ ጥቂት ቀን ከተቀመጠ ግን በቁስሉ ላይ አዲስ ቆዳ ያበጃል፣ ስታርቹም ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል። ለዚህ የሚመከረው ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ የአየሩ እርጥበት ደግሞ ከ85 እስከ 90 በመቶ ሲሆን ከ4 እስከ 7 ቀን ይበቃዋል። የሐዋሳ የቀን ሙቀት በበጋ ወደዚያ ስለሚጠጋ ግማሽ ሥራው ተሠርቶልናል።

ሳያጥቡ አፈሩን በእጅዎ ብቻ ያራግፉ። በቅርጫት ወይም አየር በሚያስገባ ሣጥን ውስጥ ያድርጉ፤ በላዩ ንጹሕ ጆንያ ጣል ያድርጉበትና ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው፣ ግን ሞቅ በሚል ጥግ ያስቀምጡት። አጠገቡ ውሃ የሞላ ሳፋ ቢኖር አየሩ አይደርቅም። ሳምንቱ ሲያልቅ ጨለማና ቀዝቀዝ ወዳለ ቦታ ያዛውሩት።

ፍሪጅ ውስጥ አያስገቡት። ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሥሩ በቅዝቃዜ ይጎዳል፤ መሐሉ የቱንም ያህል ቢቀቀል አይለሰልስም፣ ውስጡም ይጠቁራል። የተቀቀለውን ግን ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ይቻላል።

3. ማብሰል

ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው ቤታ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፤ የሚሠራው ስኳር ማልቶዝ ይባላል። ኢንዛይሙ በደንብ የሚሠራው የሥሩ ውስጥ ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው፤ ከዚያ በላይ ሙቀቱ ሲጨምር ይበላሻል። ስለዚህ ዋናው ጥበብ በዚህ ሙቀት መካከል ቶሎ አለማለፍ ነው። የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ የገባ ትንሽ ቁራጭ በደቂቃዎች ያልፈዋል። ሙሉው፣ ከነልጣጩ፣ ከቀዝቃዛ ውሃ የተነሣው ቀስ እያለ ይሞቃል፣ ኢንዛይሙም ጊዜ ያገኛል። ማይክሮዌቭ የነካው ስኳር ድንች ጣዕም የሚያጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በድስት ከሆነ እንዲህ ያድርጉ። ሥሮቹን በደንብ ያጥቡ፤ አይላጡ፣ ጫፋቸውንም አይቁረጡ፤ ከተቆረጠ ነጭ ፈሳሹ ይወጣል፣ ውሃም ይገባበታል። ከባድ ድስት ውስጥ ይደርድሩና ሁለት ጣት ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ያድርጉ፤ ጨው ቆንጠር አድርጎ መጨመር ይቻላል። ኮባ ካለዎት ቅጠሉን በላዩ አልብሰው ክዳኑን ይግጠሙ፤ እንፋሎቱን ይይዛል፣ ሽታውም ያምራል። እሳቱን ዝቅ አድርገው ይጀምሩ። ድስቱ ድምፅ እስኪያሰማ 20 ደቂቃ ቢፈጅ አይቸኩሉ። ከዚያ እንደ ውፍረቱ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ያቆዩት፤ ውሃው ካለቀ ሙቅ ውሃ ጨመር ያድርጉ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ «ቶሎ አይበስልም» ቢል እውነቱን ነው። ስንጥር ሲወጉበት ሳይገታ ካለፈ በስሏል። ውሃውን አፍስሰው፣ ክዳኑን መልሰው 10 ደቂቃ ያቆዩት፤ ልጣጩ ከዚያ በኋላ በጣት ይላቀቃል።

ረመጥ ግን ከድስት ይበልጣል። ከሰሉ ነድዶ፣ ነበልባሉ ጠፍቶ፣ አመድ ሲለብስ ሥሮቹን ቀብሮ አልፎ አልፎ ማገላበጥ ነው፤ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ከልጣጩ ላይ ቡናማ ማር መሳይ ጠብታ ሲወጣ ካዩ ማልቶዙ ነው፤ ያኔ ያውጡት። ጃፓኖች በጋለ ጠጠር ውስጥ ቀስ አድርገው የጠበሱትን በክረምት በጋሪ እያዞሩ ይሸጣሉ፤ መርሁ ከረመጡ ጋር አንድ ነው።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የተቀቀለውን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ከተጠበሰው ይልቅ የደም ስኳርን ቀስ አድርጎ ያነሣልና። መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

4. ምን ይቀርብበት?

ቤታ ካሮቲን ያለ ቅባት ወደ ሰውነት በደንብ አይገባም። ስለዚህ ብርቱካናማውን ባዶውን አያቅርቡ። በፍስክ ንጥር ቅቤ ወይም አይብ፣ በጾም ደግሞ ዘይት ወይም አቮካዶ። የሲዳማ አቮካዶ ከደጃችን እያለ ሌላ መፈለግ ምን ያደርጋል? ከአቮካዶ ጋር የተፈጨ ብርቱካናማ ስኳር ድንች ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ጨው ሳይገባበት ጥሩ ማስጀመሪያ ነው። ለአዋቂ ዳጣ ወይም ሚጥሚጣ ይጨመርበት፤ ጣፋጩና የሚያቃጥለው ይስማማሉ።

የተረፈውን ፈጭተው ከዳቦ ሊጥ ጋር ያቡኩት። ለሁለት ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት አንድ ብርጭቆ የተፈጨ ይበቃል፤ ውሃውን ግን ይቀንሱ። ቅጠሉም ይበላል። ለጋ ጫፉን ቀጥፈው እንደ ጎመን በሽንኩርትና በዘይት ያብስሉት። ይህን ስል ድንችን እንዳያምታቱት፤ የድንች ቅጠል መርዛማ ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች አይደሉም። ድንች የቲማቲም ወገን ሲሆን የምንበላውም ያበጠ ግንዱን ነው። ስኳር ድንች ደግሞ በአጥር ላይ ተጠምጥመው ጠዋት እንደ ጥሩንባ የሚከፈቱት ሐምራዊ አበቦች ዘመድ ነው፤ የምንበላውም ሥሩን ነው።

5. ጓሮ ውስጥ መትከል

ድንች በራሱ ሲተከል ስኳር ድንች በሐረጉ ይተከላል። መነሻው አሜሪካ፣ መካከለኛውና ደቡቡ ነው፤ ኮሎምበስ ሳይነሣ በፊት ግን የፓስፊክ ደሴቶች ሰዎች ያበቅሉት ነበር። ዛሬ በሲዳማ ቆላማ ቦታዎችና በወላይታ በቆሎው ሳይደርስ ያለውን ክፉ ወቅት ከሚያሻግሩት ምግቦች አንዱ ነው። ለከተማ ጓሮም ይመቻል።

ሐረጉን ከጤነኛ ተክል ይቁረጡ። ቅጠሉ የተጨማደደ፣ ቢጫ ነጠብጣብ የወጣበት ወይም የቀነጨረ ተክል ቫይረስ ይዞታልና ከእሱ የተቆረጠው በሽታውን ይዞ ይሄዳል። ንጹሕ ሐረግ ለማግኘት ሐዋሳ ግብርና ምርምር ማዕከልን ወይም የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ መጠየቅ ይቻላል። የሚሻለው የጫፉ ክፍል ነው፤ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ቆርጠው ጥላ ሥር አንድ ወይም ሁለት ቀን ቢያሳድሩት አንጓው ላይ ሥር ማቆጥቆጥ ይጀምራል።

የሐዋሳ አፈር አብዛኛው አሸዋማና ልል ስለሆነ ይስማማዋል። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ግን ሥሩን ያበሰብሳል፤ ከሐይቁ የተጠጋ ጓሮ ያለው ሰው መደቡን ከፍ ያድርግ፣ አጥሩንም ያጥብቅ፤ ጉማሬ ማታ ሲወጣ የማንን ጓሮ እንደሚገባ አይጠይቅም። በትልምና በትልም መካከል 60፣ በሐረግና በሐረግ መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ከሐረጉ ሁለት ሦስተኛው አፈር ውስጥ ይግባ፤ ቢያንስ ሦስት አንጓ ይቀበር። ዝናብ ሲገባ፣ በበልግ ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ፣ መትከል ነው። እስኪይዝ ድረስ ዝናቡ ከቆመ ያጠጡት። ፍግ አይብዛበት፤ ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ሥሩ ግን ይቀጥናል። አንድ ወር ሳይሞላው አንዴ ይኮትኩቱትና አፈር ያስታቅፉት፤ በኋላ ሐረጉ መሬቱን ስለሚሸፍን አረሙን ራሱ ያፍናል።

ዋናው ጠላት ነቀዝ ነው። ነቀዙ አፈር ቆፍሮ መግባት አይችልም፤ ሥሩ ጋ የሚደርሰው አፈሩ ሲሰነጠቅ ነው። ስለዚህ ሥሩ እየወፈረ መሬቱን ሲሰነጥቅ ስንጥቁን በአፈር መድፈን ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል። በዚያው መደብ ላይ በተከታታይ አይትከሉ፤ ቦሎቄ ወይም በቆሎ ጣልቃ ያስገቡበት። ፍልፈልና ጃርት ሌላ ችግር ናቸው፤ ለእነሱ ከአጥርና ከመጠበቅ ሌላ የምመክረው የለኝም።

ከአራት እስከ አምስት ወር ሲሆነው ይደርሳል። አንድ ላይ መንቀል ግዴታ አይደለም፤ ጎኑን ገለጥ አድርጎ ትልልቆቹን ወስዶ አፈሩን መመለስ ይቻላል። በደረቁ ወራት ግን መሬት ውስጥ ማቆየት ለነቀዝ መጋበዝ ነው።

የሚቀረው ጣጣ ዘሩ ነው። ዝናብ ጥቅምት ላይ ሲቆም ሐረጉ ይደርቃል፤ በመጋቢት ሁሉም ሰው ሐረግ ፍለጋ ይወጣል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጥቂት ሐረግ ሰሃን ማለቅለቂያ ውሃ በሚፈስበት ጥላ ሥር ተክሎ ማቆየት ነው። ሁለተኛው ቀዳዳና ቁስል የሌላቸውን መካከለኛ ሥሮች መርጦ፣ በሳፋ ወይም በካርቶን ውስጥ በደረቀና በቀዘቀዘ አሸዋ መካከል ደርድሮ ማስቀመጥ ነው። ዝናቡ ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀድመው ሥሮቹን በአጥር የተጠበቀ ትንሽ መደብ ላይ ይትከሏቸውና በየሦስት ወይም አራት ቀኑ ያጠጡ። በደንብ ከተያዘ አንድ ሥር እስከ 40 የሚደርስ የሐረግ ቁራጭ ይሰጣል፤ ለአነስተኛ ጓሮ ሁለት ሦስት ሥር ይበቃል ማለት ነው።